ካርድ ቁጥር ዐሥራ ሰባት

የፊቱ በር ቀላል ነው። መስታወት ነው፤ ይከፈታል፣
ሰው ሲቀርበው ይሸሻል፣ ሰው ሲርቀው ይገጥማል።
ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ምሽቱ አራት ድረስ
ማንንም አይጠይቅም፤ ሥራው መክፈት፣ መመለስ።

የኋላው በር ግን ብረት ነው፤ ግራጫ፣ አፉ ከባድ፣
ከጎኑ ትንሽ ዓይን አለው፣ የሚያነብብ ካርድ።
አረንጓዴ ካበራ እለፍ፤ ቀይ ካበራ ቁም፤
ማን መሆንህን ያውቃል፣ ምን መሆንህን አያውቅም።

የሱቁ የበር ጸሐፊ ነኝ፣ ግዲኒያ፣ ወደቡ አጠገብ፣
ማን ገባ፣ ማን ወጣ ብዬ በየሳምንቱ የማነብብ።
ሰኞ ሰኞ ጠዋት ዝርዝሩ ከማሽኑ ይወጣል፣
ስም፣ ቀን፣ ሰዓት፣ ደቂቃ በመስመር ተደርድሯል።
ቫንዳ ሁለት ደቂቃ ዘግይታ ገብታለች፤
ማሪላ በሩን በጡብ ደግፋ ውጭ አጭሳለች።
(ጡቡን ሦስቴ ጣልኩባት፤ አራተኛው አልጠፋም፣
ሕንጻ በሚሠራበት ሰፈር ጡብ ዘመድ አያጣም።)

ከመስመሮቹ መሃል አንዲት መስመር ጣቴን ያዘች፦
«ሐሙስ ሌሊት፣ ዐሥር ከአርባ። ካርድ ዐሥራ ሰባት» ትላለች።

ዐሥራ ሰባት ኢዚዶር ነው፤ መጋዘን ጠባቂያችን፤
በመስከረም ቀበርነው፣ ዝናቡ ሲወርድብን።
ለአበባው ከየደሞዛችን ትንሽ ትንሽ ተቆረጠ፤
የልብሱ ሣጥን ለአዲስ ሰው በዚያው ሳምንት ተሰጠ፤
ስሙን ግን ከበሩ ማኅደር የሰረዘው አልነበረም፤
ለበሩ፣ ኢዚዶር ገና ከዚህ ዓለም አልተለየም።

ወደ ኋላ ገለበጥኩ። ጥቅምት፤ ኅዳር፤ ታኅሣሥ፤
አንድም ሐሙስ አልዘለለ የሞተው ሰው ሲመላለስ።
ዐሥር ከአርባ ይገባል፤ ዐሥር ከሃምሳ ስምንት ይወጣል፤
በዐሥራ ስምንት ደቂቃ ሙት ምን ሊሠራ ይመጣል?

ለፓኒ ቦጉሚዋ ነገርኳት። መነጽሯን አወለቀች፤
«ሌባ ነው» አለች። ቆጠራ አዘዘች። አስቆጠረች።
ከቅቤው አንድ አልጎደለም፤ ከቮድካው አንድ አልጎደለም።
እንዲያውም፣
ደጃፉን ሐሙስ ሐሙስ በረዶው ተጠርጎ አግኝተናል፤
ማዘጋጃ ቤት መስሎን ከንቲባውን መርቀናል።

ካሜራውን ከፈትን። ጨለማ፤ በረዶ፤ የወተት መኪና፤
ሌሼክ ነው፣ ሾፌሩ። ጓንቱን በጥርሱ ይዞታል ገና።
ካርዱን ከደረት ኪሱ እንደ ክታብ አወጣና
በሩን ነካው። በሩም «ኢዚዶር፣ ግባ» አለው፤ «በደህና»።
ሣጥኖቹን አስገባ፤ ወተቱን ደረደረ፤
ማሞቂያው ጎን በርጩማ ላይ እጁን ሲያሟሟቅ ነበረ።
ፊት ለፊቱ ሌላ በርጩማ፤ እሱ ግን ባዶ።
ተነሣ። አካፋ አነሣ። ወጣ፤ ጠረገ በረዶ።

ጠራነው። አልካደም። «ባሕሩ ይነፍሳል» አለ፣ «ሌሊት።
እናንተ የምትመጡት ሲነጋ ነው፤ እኔ እስከዚያ ልሙት?
ኢዚዶር ሲታመም ነው ካርዱን የሰጠኝ በእጁ፦
‹በር የተሠራው ለሌባ ነው፤ አንተን አይብረድህ በደጁ›።»

ደንብ ግን ደንብ ነው። ደንቡም ከእኔ ፊርማ ጋር የተሰቀለ ወረቀት፦
አንድ ካርድ ለአንድ ሰው፤ ሰው ከሞተ ካርዱም ይሙት።
ማሽኑ ጠየቀኝ፦ «ኢዚዶር ይሰረዝ? እርግጠኛ ነሽ?»
ቀብሩ ላይ ቄሱ እንኳ አላሉኝም፣ «እርግጠኛ ነሽ?»
አዎን ነካሁ። ኢዚዶር በታኅሣሥ ዳግም ሞተ፤
ጢጥ አለና ስሙ ጠፋ፤ ማንም አልተሟገተ።

ለሌሼክ አዲስ ካርድ ጠየቅሁ፤ ዋርሶ ነው ዋናው መሥሪያ ቤት፤
«የእኛ ሠራተኛ አይደለም፤ ይታያል» አሉ፣ «በጥር ወራት»።

ሐሙስ ሌሊት ነቃሁ። ለምን እንደሆነ አላውቅም።
ጫማዬን አጠለቅሁ፤ አውቶቡስ በዚያ ሰዓት የለም።
በእግሬ። ንፋሱ ከባሕር ጨው ይዞ ፊቴን ገረፈ፤
በራሴ ካርድ ገባሁ፤ ስሜ ከዝርዝሩ ተጻፈ።

ዐሥር ከአርባ ሲሆን ከውጭ ጠፋ የመኪናው ሞተሩ፤
ሦስት ጊዜ ቀይ በራ። ዝም አለ ጥቂት በበሩ።
ከውስጥ ከፈትኩለት። እኔን አየ፤ ካርዱን ደግሞ አየ።
«ኢዚዶር ማሞቂያውን ቀድሞ ያበራ ነበር» ብሎ ገባ፤ አልቆየ።

ሰኞ ዝርዝሩ ወጣ፦ «ሐሙስ፣ ዐሥር ከሃያ»፤ የእኔ ስም ነው።
«ምክንያት» የሚል ክፍት ቦታ አለው። እስካሁን ባዶ ነው።